በሽማግሌው ጉሮሮ ውስጥ የተሰነቀረችው አጥንት

ይህ የሆነው ካቻምና ነው፤ ከፋሲካ በኋላ በዋለው ሁለተኛ እሁድ። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ረስቻለሁ። የሱቄን ቁልፍ በር ላይ ሰክቼ ረስቻለሁ፤ የጋብቻ ቀናችንን ረስቼ ሦስት ቀን ከባለቤቴ ጋር በምልክት ብቻ ተነጋግረናል። ያን እሁድ ግን አልረሳም። ምራቄን በዋጥኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ሰው ደግሞ በቀን ስንት ጊዜ ምራቁን እንደሚውጥ እናንተው ገምቱ።

የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ሲያነቡ «ደግሞ ጀመረ!» እንደሚሉ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ድመቷን ነብር የማድረግ ልማድ አለብኝ። ዛሬ ግን ያልሆነ ነገር አልጨምርም። እዚህም እዚያም ጨው ጣል ባደርግ አትታዘቡኝ፤ ወሬም ያለ ጨው አይበላም።

ሐዋሳ፣ ፒያሳ መጋረጃና ምንጣፍ የምሸጥ ሰው ነኝ። ለሽማግሌነት ዕድሜዬ ገና ነው፣ ሃምሳ ሁለት ብቻ። ነገር ግን ሽምግልና ሽበት ብቻ ሳይሆን ምላስም ይፈልጋል። ሽበቱን ሌሎቹ ያመጣሉ፣ ምላሱን እኔ አመጣለሁ። በዘመድም በጎረቤትም ሴት ልጅ የምትጠየቅ እንደሆነ ተናጋሪው እኔ ነኝ።

የእህቴ ልጅ ናትናኤል ምህረት የምትባል ወጣት ሐኪም ወደደ። ወደደ ስላችሁ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሸሚዙ ውስጥ ሁለተኛ ሰው ማስገባት እስኪቻል ድረስ ከሳ። እሷም ትወደዋለች። ችግሩ አባቷ ነበሩ።

ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ሆነን ሄደናል። ሁለቱንም ጊዜ በትህትና ሰሙን፣ መሬት መሬት እያዩ «እስቲ እናስብበት» አሉን፣ ሸኙን። ለምን እንደሆነ አንድም ቃል አልተነፈሱም። በኛ ቤት ግን ምክንያቱ ወዲያው ተገኘ። «እነሱ የተማሩ፣ እኛ ነጋዴዎች፤ ንቀውን ነው» ተባለ። እህቴ አለቀሰች። የናትናኤል ሸሚዝ የባሰ ሰፋ።

ከመካከላችን ትልቁ ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር። ዛሬም ሰውን ሁሉ ሰልፍ ላይ እንዳለ ተማሪ ነው የሚያዩት። እሳቸው ቆረጡት። «ሦስተኛው የመጨረሻው ነው» አሉ። «አራተኛ ጊዜ የሚሄድ ሽማግሌ አይባልም፣ ለማኝ ነው።» እንግዲህ የልጁ ነገር በዚያች እሁድ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

አሁን አባትየውን ላስተዋውቃችሁ። ዶክተር ማቴዎስ የአንገት በላይ ሐኪም ናቸው፤ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ። በወጣትነታቸው ወደ ሐዋሳ ሲመጡ ጆሮውን ያመመው ሰው ዘይት ያንቆረቁርበት ነበር፤ ጉሮሮውን ያመመው ደግሞ የሰፈር አዋቂ ጋ ሄዶ እንጥሉን ያስቆርጥ ነበር። እሳቸው ከእንጥል ቆራጮች ጋር ሲዋጉ ነው ጠጉራቸው የነጣው። ከምንጭ ውሃ ጋር ገብቶ አፍንጫ ውስጥ ቤት የሠራ አልቅት አውጥተዋል። ከሕፃናት ጆሮና አፍንጫ ቁልፍ፣ ዶቃ፣ የሰዓት ባትሪ አውጥተዋል። አንድ ገበሬ ጆሮ ውስጥ የበቀለ ባቄላም አውጥተዋል ይባላል። እኔ ሳወራው ባቄላው አብቦ ነበር።

ደግሞ ፊት አያስታውሱም። መንገድ ላይ ሰላም ያላቸውን ሰው «አፍህን ክፈት እስቲ» ብለው ቶንሲሉን ካዩ በኋላ ነው «አሃ! የእነ እገሌ ልጅ!» የሚሉት። ይህን ያወራሁት እኔ ነኝ። እስካሁን ግን ያስተባበለኝ የለም።

ወደ እሁዷ ልመለስ። ደንቡን ታውቃላችሁ፤ ሽማግሌ መልስ ሳይሰማ አይቀመጥም፣ ከዚያ ቤት ውሃም አይቀምስም። በፊተኞቹ ሁለት ጉዞዎች ይህ ደንብ ሊገድለኝ ነበር። ወይዘሮ አስቴር፣ የዶክተሩ ባለቤት፣ ምናልባት እሺ ከተባለ ብለው ዶሮ ወጥ አዘጋጅተው ሽታው እኛ ዘንድ ይመጣል፣ ዶሮው ግን አይመጣም። ሁለቱንም ጊዜ ሆዴ ከኔ በላይ እየተናገረ ነው የተመለስኩት።

ስለዚህ በሦስተኛው ተጠነቀቅሁ። ቀጠሮው ስምንት ሰዓት ነው። ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣሁ ለማንም ሳልናገር በባጃጅ ሐይቅ ዳር ወረድኩና አንድ ትልቅ የተጠበሰ ቆሮሶ አሳ ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር አዘዝኩ። ትልቅ ስል ከሳህኑ በዚህም በዚያም ተርፎ ጠረጴዛ ይጠርግ ነበር። ግማሹን ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ፤ ጋሽ ወልዴ ናቸው።

«የት ነህ አንተ ሰው? በሩ ላይ ቆመናል!»

«ደርሻለሁ ጋሽ ወልዴ፣ ጥግ ላይ ነኝ!» አልኩና የቀረውን ሳላይ ጠቅልዬ ዋጥኩ።

እዚያው ቀረች። መርፌ የመሰለች ነገር ጉሮሮዬ ላይ ሰካ ብላ ቀረች። ውሃ ጠጣሁ፤ የለም። አሳ የምትጠብሰዋ ሴት አየችኝና «እንጀራ ጠቅልለህ ዋጥ፣ ይዟት ይወርዳል» አለችኝ። ቡጢ የሚያህል ጠቀለልኩና ዋጥኩ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እንጀራው ወረደ፤ አጥንቷ ግን ቤቷን አጠበቀች። ሙዝም ሞከርኩ። ሌላ ቀን ቢሆን ቀጥታ ሐኪም ቤት ነበር የምሮጠው። የሚገርመው፣ የምሄደው ሐኪም ቤት ነበር። (ሐኪሙ ቤት ማለቴ ነው።)

ሳሎኑ ውስጥ ሦስታችን ተሰለፍን። ጋሽ ወልዴ በመሀል፣ እኔ በቀኝ፣ በግራ አቶ ሳሙኤል የሚባሉ የኛ ሰፈር ሰው፤ በዓመት አራት ቃል የሚናገሩ ዝምተኛ። ዶክተሩ እንደ ልማዳቸው መሬት መሬት እያዩ ቆሙ። ጋሽ ወልዴ መረቁ፣ ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ተናጋሪያችን ጉዳያችንን ያስረዳል።»

ንግግሩን ሳምንቱን ሙሉ ስለማመደው ሰንብቻለሁ። የዶክተሩን ልብ ስፋት ከሐዋሳ ሐይቅ ጋር አነጻጽሬ ሐይቁን አሳንሼው ነበር። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ዘይት ያጣ የበር ማጠፊያ ድምፅ ነው። «ክህ… እንደም… ክህ…»

ዶክተሩ ቀና አሉ። በሦስት ጉዞ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩኝ፤ ፊቴን ሳይሆን አንገቴን።

«ምን በላህ?» አሉኝ።

«ዶክተር» አሉ ጋሽ ወልዴ፣ «ጉዳያችንን ገና አልገለጽንም።»

«አሳ ነው?»

ራሴን ነቀነቅሁ። ጋሽ ወልዴ በዝግታ ወደኔ ዞሩ። ያንን አስተያየት እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም። «አሳ?» አሉ በሹክሹክታ። «እኛ በባዶ ሆዳችን ፀሐይ ላይ ቆመን፣ አንተ አሳ?»

«ቁጭ በልና አፍህን ክፈት» አሉኝ ዶክተሩ።

ልቀመጥ ጎንበስ ስል ጋሽ ወልዴ በክንዴ ያዙኝ። «ይቅርታ ዶክተር። ሽማግሌ መልስ ሳይሰማ አይቀመጥም። ከዚህ ቤትም ምንም አይቀበልም።»

«ምን ሰጠሁት? ላየው እኮ ነው ያልኩት!»

«ውሃም ቢሆን፣ ወንበርም ቢሆን፣ ሕክምናም ቢሆን፣ ከእጅዎ የሚመጣ ሁሉ መስተንግዶ ነው። መልሱ ይቅደም።»

በዚህ ጊዜ ሰይጣን ሹክ አለኝ። ዶክተር ማቴዎስ ጉሮሮ ውስጥ የተሰነቀረ ነገር እያወቁ ዝም ማለት አይችሉም፤ ከተማው ሁሉ ይመሰክራል። ድመትን አይጥ አሳይቶ «ተኚ» እንደማለት ነው። ታዲያ ከዚህ የተሻለ አማላጅ ከየት ይመጣል? ከንፈሬን ግጥም አድርጌ ዘጋሁ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ፣ ማቃሰት ጀመርኩ።

ያቃሰትኩትን ማቃሰት መቼም እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። ዶክተሩ ከሶፋው ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ከቴሌቪዥኑ ወደ ሶፋው ይመላለሳሉ። በመጡ ቁጥር አንገቴን ያያሉ። ወይዘሮ አስቴር በመጋረጃው በኩል ብቅ አሉ።

«ማቴ፣ ሰውየው ፊቱ ጠቆረ እኮ!»

ድሮም ጥቁር ነኝ ልላቸው ፈልጌ ነበር፤ ድምፅ አጣሁ።

ዶክተሩ ድንገት ፊቴ ቆሙ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ስማኝ ወንድሜ። እንጀራ ዋጥክባት አይደል? አውቃለሁ፣ ሁሉም ይውጥባታል። ስትገፋት ወደ ውስጥ ልትሰምጥ ትችላለች። የምግብ መውረጃውን ከበሳች መግሉ ወደ ደረት ይወርዳል። በዚህ የሞተ ሰው አውቃለሁ። እንዳንተው ሲስቅ የሚውል ሰው ነበር።»

መሀረቤን አውጥቼ ምራቄን ተፋሁ። ቀይ ነገር አየሁበት።

እዚህ ላይ ጨው የለም። ልጆቼ በፊቴ መጡ። ናትናኤልም፣ ሸሚዙም፣ ደንቡም ከአእምሮዬ ወጡ። አፌን ከፈትኩ። ጋሽ ወልዴ በከዘራቸው ጫፍ እግሬን ጫን አሉኝ።

«ጨክን! የልጁ ኑሮ ያለው ባንተ ጉሮሮ ላይ ነው!»

«ጋሽ ወልዴ… ደም…»

«ለእህት ልጅ ያልፈሰሰ ደም ለማን ይፈሳል?»

በጨዋታ የጀመርኩት ነገር በእውነት ሊገድለኝ ሲል፣ ያዳነኝ ያልጠበቅሁት ሰው ነው። አቶ ሳሙኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዶክተር» አሉ፣ «ዛሬ፣ እዚሁ፣ መልስ እንደሚሰጡን ቃል ይግቡልን። ቃል መልስ ባይሆንም የመልስ መያዣ ነው።» የሦስት ዓመት ንግግራቸውን ባንድ ጊዜ ጨረሱት።

ዶክተሩ እንደገና አንገቴን አዩ። ከዚያ «ቃሌ ነው፤ ዛሬ እመልሳለሁ» አሉ። ጋሽ ወልዴ አሰቡበትና ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን እሳቸው ነቅንቀው ሳይጨርሱ ተቀምጬ ነበር።

በመስኮቱ በኩል ወንበር ላይ አስደገፉኝ። ከማትለያቸው ቦርሳ የግንባር መብራታቸውን አውጥተው አሰሩ። ምላሴን በብረት ጫን አድርገው «አለች! አየኋት፤ ቶንሲሉ ላይ ናት» አሉ። በደስታ ነው ያሉት፤ የጠፋ ዘመድ ያገኘ ነው የሚመስሉት። ከዚያ ረጅሟን ወረንጦ አነሡ።

ወረንጦዋ አፌ ውስጥ ስትገባ ጥርሴን መታችው። ቅጭል። ወጣች። እንደገና ገባች። ቅጭል፣ ቅጭል።

መጀመሪያ የምንቀጠቀጠው እኔ መሰለኝ። ራሴን አጠናክሬ ያዝኩ። የሚንቀጠቀጠው እጃቸው ነበር። የጉሮሮ ሐኪሙ እጅ ንፋስ እንደነካው ቅጠል ይርገበገባል። ቀና ብዬ ዓይናቸውን አየሁ፤ እሳቸውም አዩኝ። ማየቴን አወቁ። ሽማግሌዎቹ ከኋላቸው ናቸው፣ ምንም አይታያቸውም። እኔ ደግሞ፣ በዚህ ከተማ ትልቁ ወሬኛ፣ አፌን እስከ ጥግ ከፍቼ አንድ ቃል መናገር አልችልም።

«ብርሃኑ አይበቃም» አሉ ጮክ ብለው። «ምህረት! ነይ እስቲ!»

«ኧረ ማቴ፣ ሽማግሌ ባለበት እንዴት ትወጣለች?» አሉ ወይዘሮ አስቴር ከውስጥ።

«ትምጣ።»

ምህረት ወጣች። ማንንም ቀና ብላ አላየችም። እጇን ታጥባ መጣችና አባቷ አጠገብ ቆመች። እሳቸው ጣታቸውን ፈታ አደረጉ፣ እሷ ወረንጦዋን ወሰደች፣ እሳቸው በግንባራቸው መብራት እያበሩላት ወደ ጎን ቆሙ። አንድም ቃል አልተነጋገሩም። እንዲህ ዓይነት ነገር ባንድ ቀን አይለመድም። ክሊኒካቸው ውስጥ ስንት ወር ይህን ሲያደርጉ እንደቆዩ ያን ጊዜ ገባኝ።

«በአፍንጫዎ ይተንፍሱ ጋሼ» አለችኝ። ተነፈስኩ። አጥንቷ ወጣች።

ጋሽ ወልዴና አቶ ሳሙኤል ሊያዩ ጎንበስ አሉ። በነጩ ጨርቅ ላይ የተኛችው ነገር ከተቆረጠ ጥፍር አትበልጥም። ጋሽ ወልዴ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ይቺ ናት?» አሉ። «ይህን ሁሉ ያስቃሰተችህ ይቺ ናት?»

ማንም አልሳቀም፤ ዶክተሩ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ቀኝ እጃቸውን በፊታችን ዘርግተው ነበርና። እጁ ይርገበገባል። ሁላችንም አየነው።

«መልሴ ይኸው ነው» አሉ። «ነጋዴ ስለሆናችሁ የናቅኋችሁ መስሏችኋል፤ ሰምቻለሁ። እኔም የነጋዴ ልጅ ነኝ። ይህ እጅ ካመፀብኝ ዓመት አልፎታል። ደቃቁን ሥራ የምትሠራው እሷ ናት፤ እኔ መብራት እይዛለሁ፣ ሕመምተኛው ግን እኔ የሠራሁ ይመስለዋል። እሷ ከሄደች በማግስቱ በሬን እዘጋለሁ። ስለ ልጃችሁ አንድ ቀን አላሰብኩም። ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው።»

ምህረት ወረንጦዋን እንደያዘች ነበር። «አባዬ፣ የት እሄዳለሁ? ናቲ እኮ ቤት የተከራየው እዚሁ ሐዋሳ ነው፤ በባጃጅ አሥር ደቂቃ። አንድ ቀን እንኳ ጠይቀኸኛል?»

ዶክተሩ የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ።

«እኔን ደግሞ ያስቸገረኝ መብራት መያዝህ አይደለም» አለች። «መደበቁ ነው። ሕመምተኛ ሁሉ ላንተ እጅ ሲመርቅ ሁለታችንም ዝም የምንለው ነገር።»

አንድ ባጃጅ በውጭ አለፈ።

በመጨረሻ ዶክተሩ የግንባር መብራቱን ፈትተው እጇ ላይ አኖሩላት። «ሰጥቻችኋለሁ» አሉን። «ሰጥቻለሁ ስል… እሷ ራሷን ከሰጠች ቆይታለች። እኔ በር ላይ ቆሜ ነው ያስቸገርኳችሁ።»

እልልታው ከውስጥ መጣ፤ ተከትሎት ዶሮ ወጡ መጣ። ጋሽ ወልዴ እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ። እኔም ልታጠብ ስነሣ ዶክተሩ ትከሻዬን ያዙኝ። «አንተ እስከ ነገ ቀዝቃዛ ወተት ብቻ።» ጋሽ ወልዴ እያንዳንዱን ጉርሻ ዓይን ዓይኔን እያዩ ነው የበሉት። እንቁላሉንማ ሁለት ጊዜ አዟዙረው አሳዩኝ።

ከዚያ ወዲህ ፒያሳ ውስጥ «አጥንቷን ሆን ብሎ ነው የዋጣት» ይባላል። መጀመሪያ እምል ነበር፤ አሁን ፈገግ ብዬ ዝም እላለሁ። ሙሽሮቹም ዝም ብለው ይስቃሉ። ያየሁትን እጅ ግን ለማንም አላወራሁም፤ ለባለቤቴም። አንድ ዓመት ከመንፈቅ! በሕይወቴ ከሁለት ሰዓት በላይ የያዝኩት ምስጢር እሱ ብቻ ነው። አሁን የምጽፈው የእጁ ባለቤት ስለፈቀዱልኝ ነው።

ባለፈው ወር ባለቤቴ «ጆሮዬ ውስጥ ይጮህብኛል» ብትል ክሊኒካቸው ወሰድኳት። ምህረት መረመረቻት። ዶክተር ማቴዎስ ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጠው «ጆሮዋ ጤነኛ ነው፤ የሚጮህባትን ይዛው መጥታለች» አሉ እኔን እያዩ። ሁለቱ ሴቶች እስኪደክማቸው ሳቁ።

ያን ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው ገቡ፤ ከሩቅ ወረዳ የመጡ፣ አቧራ የለበሱ። ምህረትን አልፈው ቀጥታ ወደ ጥጉ ሄዱና «ዶክተር፣ የርስዎን እጅ ብዬ ነው የመጣሁት» አሏቸው።

ዶክተሩ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ሰውየው እንዲያየው አድርገው ዘረጉት።

«እጄ ይንቀጠቀጣል አባቴ» አሉ፣ ሰዓት የሚነግሩ ያህል። «እሷ ጋ ይቅረቡ። ከኔ ትሻላለች።»

ሰውየው እጁን አዩ፣ ልጅቷን አዩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እሷ ወንበር ሄዱ። ምህረት ጀርባዋን ሰጥታን መሣሪያዎቿን ስታስተካክል ቆየች፤ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ ቆየች። ዶክተሩ ወደኔ ዞሩ። አንድ ነገር እንድል ይጠብቃሉ፤ መቼም አፌን ያውቁታል።

ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። በማጣቴም ደስ አለኝ።